ታዘብ ለምን ቆመ

ኦገስት 7 2011፣ እሁድ

ዛሬ ታዘብ ቆመ።

ጽፌ ሳየው ምንም አይመስልም። ውሻ ይቆማል። ታዘብ ግን ሁለት ዓመት ተኩል የሞላው፣ ማሊንዋ የሚሉት የፖሊስ ውሻ ዘር ነው፤ ሜዳ ላይ ከተለቀቀ ቆሞ አያውቅም። የሥራ ባልደረባዬ ነጃት "ፍራሽ ለብሶ የሚነከሰው ሰውዬ" የምትለው ዲኮይ ከሜዳው ጫፍ ሲጮህ፣ ዱላውን ሲያንኳኳ፣ ታዘብ ደስ ብሎት ነው የሚሄደው።

የዛሬው ፈተና ሞንዲዮ የሚባለው የውሾች የድፍረትና የመንከስ ውድድር ነው። ክለባችን ከሮክቪል ወዲያ ባለው ሜዳ ዲኮይ ከሌላ ስቴት አስመጥቶ ነበር። ሞንዲዮ ውስጥ ውሻው ምን እንደሚገጥመው አያውቅም፤ ባልዲም፣ መጋረጃም፣ የሕፃናት መዋኛም ይኖራል። ታዘብን ለቀቅኩት። በረረ። አሥር እርምጃ ሲቀረው ዲኮዩ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ከመሬት አነሳ። ታዘብ ወደ ጎን ታጠፈ። ጆሮውን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጎ ቆመ። ከዚያ በሩቁ እየዞረ ጮኸ። ሁለተኛም ለቀቅኩት፣ ያው ሆነ።

ጋሽ ልዑልሰገድ ከእኔ ሌላ ክለቡ ውስጥ ያለ ብቸኛው ሐበሻ ነው። ታዘብን ገና ስምንት ሳምንቱ ሳለ የሰጠኝ እሱ ነው። በወረቀት ላይ ግማሹ አሁንም የእሱ ነው፤ ወረቀቱም "ውሻው ከተመታ ወደ ሰጪው ይመለሳል" ይላል። ሰው ሁሉ እየሰማ በእንግሊዝኛ፣ ይህ ውሻ እነሱ ቤት ይመታል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፦

"ሐበሻ ቤት ውሻ እንዴት እንደሚያዝ አትነግሪኝም። እኔም እዚያው ነው ያደግኩት።"

እጄን አንስቼበት አላውቅም አልኩት። ውሻው ሌላ ነው የሚለው አለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ጋሽ አልለውም።

ኦገስት 9

አርፍጃለሁ። ያባዬን ጫማ አሰርኩ፣ መድኃኒቱን አስቀመጥኩ። ፖስተኛው መጥቶ ታዘብ በሩ ላይ ቀወጠው። ጎንበስ ስልበት ሄዶ ተኛ። ቤልትዌይ፣ አውራ ጎዳናው፣ ዝግ ነው ይላል ሬዲዮው።

ተመቷል። ተመቷል። ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ሳይቀር ጆሮዬ ላይ ነው።

ኦገስት 14፣ እሁድ

ከክለቡ ኢሜይል መጣ። ልዑልሰገድ ውሻው እንዲመለስለት ጠይቋል። ሦስት ሰዎች ጉዳዩን አይተው ኦክቶበር 30 ይወስናሉ። እስከዚያ ታዘብ እኔ ጋ ይቆያል፤ "የሚረዳሽን ማንኛውንም ማስረጃ" አቅርቢ ይላል።

እሺ። ማስረጃ ከሆነ እኔ በባዮሎጂ ተመርቄአለሁ፤ ማስረጃ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የእሱ ነገር እንዲህ ነው፦ ውሻው ፈራ፤ የሚፈራ ውሻ የተመታ ነው፤ ስለዚህ ተመትቷል። የመጀመሪያውን ካፈረስኩበት ሌላው አብሮ ይወድቃል። ፈሪ አለመሆኑን ላሳይ። ሞንዲዮ ብቻውን ዳኛ አይደለም። ድፍረትን የሚፈትኑት በየፈርጁ ነው፤ ጀርመኖቹ በአንድ መንገድ፣ ፈረንሳዮቹ በሌላ፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ በራሳቸው። ሆላንዶቹ በብስክሌት የሚሸሽ ሰው ያሳድዳሉ፣ ዱላ ይወረውራሉ አሉ፤ እሱን እዚህ አላገኘሁትም። የጀርመኖቹንና የአሜሪካኖቹን አገኛለሁ።

አባዬ ምን ሆነሻል አለኝ። ሥራ ነው አልኩት።

ኦገስት 23፣ ማክሰኞ

የመሬት መንቀጥቀጥ። እዚህ። ማንም አላመነም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ታዘብን ይዤው ነው ሲልቨር ስፕሪንግ የእንስሳት ክሊኒካችን የምሄደው፤ ከኋላ ኬጅ ውስጥ ይውላል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወለሉ ተነሳ። የመድኃኒቱ መደርደሪያ ተንጫጫ። ነጃት ካርድ ክፍሉ ጠረጴዛ ስር ገብታ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራች። በኋላ ዶክተሩ አንቺ ጠረጴዛ ስር ለሁለት ሰው ቦታ ነበር ሲላት፣ "አንተ ኢንሹራንስ አለህ" አለችው። አንዲት ድመት መጋረጃው ላይ ወጥታ ለማውረድ ሦስት ሰው ፈጀን። ሁለት ውሾች ሸኑ።

ታዘብ ተኝቶ ነበር። አንድ ጆሮውን አነሳ፣ አየኝ፣ መልሶ ተኛ።

መሬት ሲናወጥ ያልፈራ ውሻ የአትክልት ማጠጫ ፈርቶ ቆመ ማለት ነው? ይህን የሚመዘግብ ፎርም ግን የለም።

ሴፕቴምበር 4፣ እሁድ

ሹትዝሁንድ። የጀርመኖቹ። ሌላ ክለብ ነው፣ ማንም አያውቀንም።

ሜዳው እንደ ኳስ ሜዳ ነው፤ ስድስት ትንንሽ ድንኳኖች አሉት፤ አንዱ ውስጥ ሰው ተደብቋል። ታዘብ እየዞረ ፈለገው፣ አገኘው፣ ፊቱ ቆሞ ሳይነክስ ጮኸ። መጨረሻ ላይ ድፍረት የሚባለው ይመጣል፤ ሰውየው ከሜዳው ዳር ጀምሮ እየሮጠ፣ እየጮኸ፣ ዱላ እያወዛወዘ ፊት ለፊት ይመጣል። ውሻውም ፊት ለፊት ይለቀቃል። ማን መጀመሪያ ይታጠፍ እንደሆነ ማየት ነው። ታዘብ አልታጠፈም። ክንዱ ላይ ያለውን መከላከያ በሙሉ አፉ ነክሶ ተንጠለጠለ፤ በለስላሳው ዱላ ሁለቴ መቱት፣ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። ዳኛው በማይክራፎን ለድፍረቱ ከሦስቱ ደረጃ ከፍተኛውን ሰጠው።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ለልዑልሰገድ ደወልኩ። ማልቀሴን እንዳያውቅ ብዬ ድምፄን ወፍራም አደረግሁ።

ሰማኝ፣ አላቋረጠኝም። ከዚያ፦

"እዚያ እኮ ዳዊት ነው የደገመው። ሁልጊዜ ያው ድንኳን፣ ያው ዱላ፣ ያው ክንድ። በቃሉ የያዘውን ነው የወጣው። የማያውቀው ሲመጣ ነው ልብ የሚታየው።"

ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ነው ያበገነኝ።

ሴፕቴምበር 12

እንቁጣጣሽ። ወንድሜነህ፣ ወንድሜ፣ ከሮክቪል ከነሚስቱ ከትብለጥ መጣ። ትብለጥ ሶፋው ላይ ከመቀመጧ በፊት በእጇ ጠራረገችው፤ ፀጉር አልነበረበትም፣ አጥቤው ነበር። ይሄ ውሻ አሁንም አለ ወይ አለች፣ በሩ ላይ እየጮኸ።

ወንድሜነህ ስለ ፈተናዎቹ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። "ስንት ጊዜ ነው የሚፈተነው? እኔ ሲቲዝን ስሆን እንኳ አንድ ቀን ነው የፈተኑኝ" አለ። ሁሉም ሳቀ። አባዬ አልሳቀም።

ስሙን ያወጣው አባዬ ነው። እሱ በተወለደበት አገር ነገረኛ ጎረቤት ያለው ሰው መልሱን በውሻው ስም ነው የሚናገረው፤ ውሻውን በጠራ ቁጥር ጎረቤት ይሰማል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ውሻ ታሳድጋለች ብለው ዘመድ ሲስቁብኝ፣ አባዬ ቡችላውን አየና "ታዘብ በይው" አለኝ። ትብለጥ በመጣች ቁጥር ታዘብ፣ ታዘብ እያለ ይጠራዋል። ዛሬም አራት ጊዜ ጠራው።

ሴፕቴምበር 25፣ እሁድ

የአሜሪካኖቹ፣ ፒ.ኤስ.ኤ.። ቸኩያለሁ፣ ነገ በጠዋት እገባለሁ።

ይሄኛው ማስደንገጥ ይወዳል። ሰውየው ባዶ የወተት ጋሎኖችን በገመድ ቋጥሮ እያንቋቋ ይመጣል። መኪና ውስጥ እኔና ታዘብ ተቀምጠን በሩን በርግዶ ይገባል። ታዘብ እዚህ ተፈትኖ አያውቅም። አንዱንም ዳዊት አልደገመም። ጋሎኖቹን ሰንጥቆ አለፈ። መኪናው ውስጥ ሰውየው እጁን ሳይዘረጋ ታዘብ ያዘው።

ነጃት ቀርጻልኛለች። ውሻ አትነካም፣ ካሜራ ግን አይረክስም ትላለች።

አሁን ልዑልሰገድ ምን ይላል?

ምን እንደሚል አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ቆመ ይላል። እኔም እኮ ያንኑ ነው የምለው። በዱላ፣ በጩኸት፣ በጋሎን፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ያልቆመ ውሻ እዚያ ምን አየ?

ኦክቶበር 2፣ እሁድ

ነጃት ቤት፣ አስፐን ሂል። የሦስቱንም ፈተና ቪዲዮ ተራ በተራ አየን፤ የሞንዲዮውንና የጀርመኖቹን ክለቦቹ የቀረጹት ነው። እናቷ ሻይ አመጣችልን፣ ስክሪኑ ላይ ሰው ሲነከስ አይታ ሻዩን ትታ ሄደች።

ጀርመኖቹ፦ ሰውየው ቀጥ ብሎ ይሮጣል። አሜሪካኖቹ፦ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ መኪና ውስጥም ቀና ብሎ ነው። ሞንዲዮ። ነጃት አቆመችው፣ መለሰችው፣ አቆመችው።

"ሰውየው ጎንበስ አለ እኮ" አለች። "ማጠጫውን ሊያነሳ። ታዘብ የቆመው ያኔ ነው። ማጠጫውን ገና አልያዘውም።" ከዚያ ሳቅ እያላት፣ "ደሴ ትምህርት ቤት ስንሄድ ውሻ ከመጣብን ምን ነበር የምናደርገው? ድንጋይ ባይኖርም ጎንበስ ነበር። ውሻው ይሮጣል።"

አዲስ አበባም ያው ነው። እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ በየጠዋቱ እኔም ጎንበስ እል ነበር። የአሜሪካ ውሻ ይህን አያውቅም፤ እዚህ ጎንበስ ያለ ሰው ሊዳብሰው ነው ብሎ ይመጣል። ልዑልሰገድ ያን ዕለት ወዲያው ያወቀው ለዚህ ነው። ፈረንጆቹ ማጠጫ አዩ፣ እሱ ድንጋይ የምታነሳ እጅ አየ።

ነጃት ከስክሪኑ ዞራ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም።

"አባዬ ነው" አልኩ።

ኦክቶበር 4

ለልዑልሰገድ ደወልኩ። እኔ አልመታሁትም፣ ግን ቀን ቀን ከአባቴ ጋር ነው የሚውለው፣ የድሮ ሰው ናቸው፣ ምናልባት ጎንበስ እያሉ ያስፈራሩት ይሆናል አልኩት። "ምናልባት" ብያለሁ። ሁለት ጊዜ ብያለሁ።

ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። "ገባኝ፣ ገባኝ እህቴ፤ ሽማግሌ ላይ አይፈረድም" አለ። ቅዳሜ መጥቼ አነጋግራቸዋለሁ አለ።

አባዬን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ኦክቶበር 6

አልጠየቅኩትም። ሁለት ሰው ቀረ ክሊኒክ፣ ድርብ ነው የሠራሁት።

ኦክቶበር 8፣ ቅዳሜ

ልዑልሰገድ ብርቱካን ይዞ መጣ። አባዬ ግድግዳውን ይዞ ተነሳለት። ስለ አገር ተጠያየቁ፤ ልዑልሰገድ የናዝሬት ልጅ ነው። ታዘብ እግሩ ላይ ተጋደመ፤ ያውቀዋል። እኔ ቆሜ ነበር።

ልዑልሰገድ በጨዋ አነጋገር አመጣው። "አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ልጅቷ ሥራ ስትሄድ ውሻው ሲያስቸግርዎ፣ እንዳገራችን ልማድ ጎንበስ ብለው ድንጋይ የማንሳት ያህል አስፈራርተውት ያውቃሉ ወይ?"

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ብዙ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም ነበር። አንድ ነገር የሚቆጥር ነበር የሚመስለው።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ለመፍረድ ሳይሆን—"

"እኔ ነኝ አልኩህ እኮ። ልማድ ነው። እሷ የለችበትም። እሷ አታውቅም።"

ልዑልሰገድ ከልቡ አዘነ። ውሻው ከልጅዎ ጋር ይቆይ፣ እርስዎ ግን ብቻዎን ከእሱ ጋር ባይውሉ ይሻላል፣ ለክለቡም እንዲሁ እነግራለሁ አለ። አባዬ ቀላል ነው አለ፤ ወንድሜነህ ጋ ሮክቪል እሄዳለሁ፣ ድሮም ና ና ሲለኝ ነበር አለ። ወንድሜነህ ና ብሎት አያውቅም።

ሻይ ቀዳሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። አሸንፌአለሁ። ታዘብ የእኔ ነው።

ኦክቶበር 9፣ እሁድ

ሮክቪል አደረስኩት። ከመኪና ሲወርድ ጫማውን አሰርኩለት።

አባዬ በ2008 ወገቡን ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሁለት ብሎን ገብቶለታል። ከዚያ ወዲህ ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

ኦክቶበር 13

ታዘብ ወጥ ቤት ገብቶ ቆሻሻ ሲከፍት ያዝኩት። እጄ ጉልበቴ ድረስ ወርዶ ነበር። እዚያ ቆምኩ። ታዘብ ቀድሞኝ ወጥቷል፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተኝቷል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ነው።

ስንት ጊዜ ነው በቀን?

ኦክቶበር 16፣ እሁድ

በትክክል ልጻፈው። አራት ወር ሲሆነው ቁርጭምጭሚቴን ይነክስ ነበር። ማሊንዋ እንደዚያ ነው፣ አውቅ ነበር፣ አንብቤ ነበር። አንድ ማታ ጎንበስ አልኩበት፤ ሳላስበው። ቆመ። ደስ አለኝ። የማያስጮህ፣ የማያስመታ ዘዴ ነው ብዬ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ እንኳ አልመሰለኝም፤ እንደ በር መዝጋት ነው።

ድንጋይ አልወረወርኩም። ቤት ውስጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል። አንድ ጊዜ ጫማ። አልነካውም፣ አልፎት ሄደ። ምናልባት ሁለት ጊዜ።

ይህ መምታት ነው? ልዑልሰገድ ተሳስቷል፣ አልመታሁትም። ልዑልሰገድ አልተሳሳተም፣ ከዚህ ቤት ነው። ግን ያን ዕለት "እነሱ ቤት" ሲል እኔን አልነበረም ያሰበው። አባዬን፣ እናቴን ነፍሷን ይማርና፣ ሁላችንን ነው። እኔ ደግሞ በስልክ ይኸው አልኩት። በእጄ አባዬን ሰጠሁት።

ሦስት ሜዳ አዞርኩት። ጀርመኖቹ የሚያውቀውን ጸንቶ ይሠራው እንደሆነ ጠየቁት፣ አሜሪካኖቹ ድንገተኛውን ይችል እንደሆነ። ሞንዲዮዎቹ ምን እንደጠየቁት ራሳቸውም አላወቁም፤ እሱ ግን መለሰላቸው። የትኛው ነው ድፍረቱን የለካው? ጎንበስ ያለበትን ሰው ሁሉ ነው የሚፈራው? ወይስ በእያንዳንዱ ውስጥ የሚያየው እኔን ብቻ ነው?

አላውቅም። አንብቤ የማገኘው አይደለም።

ኦክቶበር 21

ለአባዬ ደወልኩ። ደህና ነኝ አለ። ትብለጥ ቲቪ ሰጥታኛለች አለ። ታዘብስ አለ። ደህና ነው አልኩት። ለምን "እኔ ነኝ" እንዳለ አልጠየቅኩትም። እሱም ለምን እንዳልጠየቅኩት አልጠየቀኝም።

ነጃት ምሳ ላይ፣ ክለቡ ውሳኔውን ጨርሶታል፣ ወረቀት ላይ መፈረም ብቻ ነው የቀረሽ አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። "ጥሩ ነዋ" አለች፤ ሳንድዊቿን ግማሹን መለሰችው። ያን ቀን "አባዬ ነው" ስል የሰማችኝ እሷ ናት።

ኦክቶበር 30፣ እሁድ

ትናንት በረዶ ጥሎ ዛሬ ሜዳው ጭቃ ነው። ሦስቱ ሰዎች ከአንድ መኪና ጀርባ ቆመዋል፤ ወረቀቱ ክሊፕቦርድ ላይ ነው። ልዑልሰገድ ቡና ይዞልኝ መጥቷል። ጥፋቱ የአባቷ ነበር፣ አባትየው ቤቱን ለቀዋል፣ ውሻው ይቆያል ይላል ወረቀቱ። እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ አልኩ። ታዘብን ነጃት እንድትይዘው ጠየቅኋት። ገመዱን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ነጃት፣ ውሻ የማትነካው። ሃያ እርምጃ ሄጄ ዞርኩና ጠራሁት። በረረ። አሥር እርምጃ ሲቀረው ጎንበስ አልኩ።

ታጠፈ። ጭቃው ውስጥ እግሩ ተንሸራተተ። ቆመ። ጆሮው።

ቀና ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ይንቀጥቀጥ። አባቴ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጎንበስ ማለት አይችሉም፣ ወገባቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገዋል፣ ወረቀቱን አመጣላችኋለሁ፤ እኔ ነኝ አልኩ። በእንግሊዝኛ። ከዚያ ልዑልሰገድን በአማርኛ፦

"ውሻውን ይውሰዱ። ወረቀቱ ወረቀት ነው። 'እነሱ ቤት' ያሉትን ግን እዚህ፣ ባሉበት ቦታ ያንሱልኝ። ቤቱ አይደለም። እኔ ነኝ።"

"ፈርመሽ መሄድ ትችዪ ነበር እኮ" አለ።

"አውቃለሁ።"

ቡናውን ጭቃው ላይ አስቀመጠ። ወደ ሦስቱ ዞሮ በቀስታ፣ ቤተሰቡን ያልኩት ስህተት ነበር፣ እሷ ብቻ ናት አለ። ይቅርታ የሚል ቃል አልጨመረም። ገመዱን ከነጃት ተቀበለ። ታዘብ መኪናው ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ከልዑልሰገድ ጋር መሄድ ይወዳል።

የበዳይና የተበዳይ ዝርዝር እጽፋለሁ ብዬ ነበር ዛሬ። አልወጣልኝም።

ኖቬምበር 1፣ ማክሰኞ

ከሥራ በቀጥታ ሮክቪል። አባዬ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ ለወንድሜነህ በስልክ የነገርኩትን ሁሉ ነግሮታል።

ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። ሞኝ።

"ቃሌን ሰጥቼ ነበር" አለኝ። "ለዚያ ሰውዬ፣ ቤቴ ተቀምጦ፣ ዓይኑን እያየሁ። አሁን በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ። ውሻውንም አጣሽ፣ ቃሌንም አፈረስሽ። ምን አተረፍሽ?"

"ምንም" አልኩት። ትብለጥ ከወጥ ቤት ሰምታ ውሃውን ዘጋችው፣ እንዲሰማት።

ቦርሳውን ተሸክሜ ወረድን። ቤልትዌይ ላይ ሬዲዮውን አጠፋው። ድልድዩን ስናልፍ፣ ሰውየው ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። ቤተሰቡን ያለውን አነሳ አልኩት።

"በእንግሊዝኛ?"

"በእንግሊዝኛ። ሁሉም እየሰማ።"

"ውሻውስ?"

"ሄደ።"

"ዞሮ አላየሽም?"

"አላየኝም።"

ሰፈራችን ላንድማርክ እስክንደርስ መስኮቱን እያየ ሄደ። ዱክ ስትሪት ላይ መብራት ያዘን።

"እኔ ብሆን ግን አልናገርም ነበር" አለ።

ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና እስኪጮህብን ድረስ ቆሜ ነበር።